የመርፌ ስሕተት ዕዳው በማን ላይ ይወድቃል?

አንዲት እናት ትኩሳት የያዘው ልጇን አዝላ ወደ ቀበሌዋ ጤና ኬላ ስትሄድ በልቧ የምታስበው ስለ ልጇ መዳን ነው። ልጁ ሳይድን ቢቀር፣ ይባስ ብሎም በሕክምናው ምክንያት ቢጎዳ ማን ይጠየቃል ብላ አታስብም፤ እንድታስብም አይጠበቅባትም። ይህን አስቀድመው ማሰብ የሚገባቸው ሌሎች ሲሆኑ፣ ከእነዚህም ቀዳሚዎቹ ሕዝቡ የመረጣቸው የገበሬ ማኅበርና የቀበሌ መሪዎች ናቸው።

ከጋምቤላ ከተማ በአቦቦ በኩል ወደ ደቡብ ሲኬድ በሚገኘው በጎግ ወረዳ ይህ ጉዳይ ከሌላው ስፍራ ይበልጥ ይከብዳል። ወረዳው ወባ የሚበዛበት ቆላ ነው። በክረምት ጊዜ መንገዱ ጭቃ ይሆናል፤ ወንዙም ይሞላል። ከሩቅ መንደር ተነሥቶ ፑኝዶ ከተማ ለመድረስ፣ ከዚያም አልፎ ጋምቤላ ሆስፒታል ለመግባት የሚወስደው ጊዜ ለብርቱ በሽተኛ የሕይወትና የሞት ልዩነት ሊሆን ይችላል። በመሆኑም በመንደሩ ያለችው የጤና ሠራተኛ ከሙያ ደረጃዋ በላይ የሆነ ችግር በየጊዜው ይገጥማታል። ሐኪም በአጠገቧ የለም። የምታማክረው ሰው ቢኖር በስልክ ነው፤ እርሱም መስመሩ ሲገኝ ነው።

በ1995 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲታቀድ፣ በአንድ የገጠር ቀበሌ ለአንድ ዓመት ያህል የሠለጠኑ ሁለት ሴት ሠራተኞችን መመደብን መሠረት ያደረገ ነበር። ሥራቸውም በመጀመሪያ በአብዛኛው ማስተማርና በሽታን መከላከል ነበር፤ የመጸዳጃ ጉድጓድ ማስቆፈር፣ ክትባት መስጠት፣ ስለ ንጽሕና ማስረዳት። ከጊዜ በኋላ ግን ኃላፊነታቸው ሰፋ። የወባ ምርመራ አድርገው መድኃኒት ይሰጣሉ፤ የሳንባ ምች ለያዘው ሕፃን ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ያዛሉ፤ በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውን የወሊድ መከላከያ ያስገባሉ፤ የሦስት ወሩንም መርፌ ይወጋሉ። ሥራው ሲሰፋ አብሮት የሚመጣው የስሕተት ዕድል መስፋቱ አይቀርም። ሠራተኛዋ ሰነፍ ስለሆነች አይደለም፤ ብዙ የሠራ ሰው ብዙ ለመሳሳት ስለሚጋለጥ ነው።

በጎግ ደግሞ ሌላ የተለየ ሥራ አለ። የጊኒ ትል በሽታን ከዓለም ለማጥፋት በሚደረገው ትግል የኢትዮጵያ የመጨረሻው ምሽግ ሆነው የቆዩት ጎግና አቦቦ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 በጋምቤላ ክልል 11 ሰዎች በዚህ በሽታ ተይዘው ሲገኙ፣ መጀመሪያ የታዩት በጎግ ወረዳ በዱሊ መንደር ነበር። ለበሽታው ክትባትም ሆነ ፈዋሽ መድኃኒት የለውም። ትሉ ቆዳ በስቶ ሲወጣ በእንጨት ላይ በመጠምጠም በየቀኑ በጥቂቱ መሳብ ብቻ ነው፤ ሥራው ቀናት አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል። ትዕግሥት ያጣ እጅ ቢስበው ትሉ ይበጠሳል፤ ከቆዳ ሥር የቀረውም ቁስሉን አመርቅዞ እግርን እስከ ማሰናከል ይደርሳል። ይህን ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሥራ በየመንደሩ የሚሠሩትና የሚያግዙት ሰዎች አብዛኞቹ ዲግሪ የላቸውም። ከመካከላቸው በጎ ፈቃደኞች አሉ። ከእነዚህ በአንዱ እጅ ትሉ ቢበጠስና ሰውየው ቢሰናከል ማን ይጠየቃል ተብሎ በግልጽ የተነጋገረ ቀበሌ መኖሩ ያጠራጥራል።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይጠቅማል። አንድ ሕፃን መርፌ ተወጋ እንበል። መርፌው መቀመጫው ላይ ከትክክለኛው ስፍራ ትንሽ ዝቅ ብሎ ገባና ወደ እግር የሚሄደውን ትልቁን ጅማት ነካ። ሕፃኑ ከሳምንት በኋላ እግሩን መጎተት ጀመረ። ይህ ዓይነቱ ጉዳት በሕክምናው ዓለም የታወቀ ነው፤ መርፌ በብዛት በሚወጋበት አገር ሁሉ ደርሷል። አባት ይቆጣል፤ ዘመድ ይሰበሰባል። መርፌውን የወጋችው ሠራተኛ ከሌላ አካባቢ የመጣች ከሆነች ቁጣው የሙያ ስሕተት መሆኑ ቀርቶ የወገን ጉዳይ እስከ መምሰል ይደርሳል። ቋንቋ ሳይግባቡ የተሰጠ ምክርም ነገሩን ያባብሰዋል፤ በአማርኛ የተነገረው ማስጠንቀቂያ ለአኙዋክ እናት በቋንቋዋ ካልተተረጐመላት እንዳልተነገረ ይቆጠራል። ሠራተኛዋ በፍርሃት ሌሊት ወጥታ ትሄዳለች። ጤና ኬላው ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ያለው ኪሳራ የሁሉም ነው፤ ሕፃኑ ካሣ አላገኘም፣ አባቱ ፍትሕ አላገኘም፣ ሠራተኛዋ ሥራዋን አጣች፣ የቀሩት የመንደሩ ልጆችም ክትባት አጡ።

ሕጉ ስለዚህ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2031 አንድን ሙያ የሚሠራ ሰው የሙያውን ደንብ መጠበቅ እንዳለበት፣ ባለመጠንቀቅ ወይም በቸልተኝነት ከሙያው ደንብ ቢወጣና ጉዳት ቢያደርስ ተጠያቂ እንደሚሆን ይደነግጋል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ሕጉ በሽተኛው አለመዳኑን ብቻ አይቶ ሠራተኛውን ጥፋተኛ የማያደርግ መሆኑ ነው። በሽተኛ በትክክለኛ ሕክምናም ሊሞት ይችላል። ጥያቄው ሌላ ጠንቃቃ ባለሙያ በዚያ ቦታ ሆኖ፣ በዚያ መሣሪያ ምን ያደርግ ነበር የሚለው ነው። ብዙ ጠብ የሚነሣው ይህ ልዩነት ሳይገባ ሲቀር ነው።

ሠራተኛዋ የመንግሥት ተቀጣሪ ስትሆን ደግሞ አንቀጽ 2126 አለ። በዚህ አንቀጽ መሠረት የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ ላደረሰው ጉዳት ራሱ ኃላፊ ነው፤ ሆኖም ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነ ተጎጂው መንግሥትንም ካሣ ሊጠይቅ ይችላል። ጥፋቱ የግል ጥፋት ከሆነ ግን መንግሥት አይጠየቅም። የሥራ ጥፋት የሚባለው ሠራተኛው በቅን ልቦና፣ ሥልጣኑ የሚፈቅድለትንና ለመንግሥት የሚጠቅመውን የሠራ መስሎት ያጠፋው ነው። እስከዚህ ድረስ መልካም ነው። ዳሩ ግን ሕጉ አንድ ነገር ጨምሯል። መንግሥት ለተጎጂው ከከፈለ በኋላ ገንዘቡን ካጠፋው ሠራተኛ ላይ መልሶ ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ «መንግሥት አለ» ተብሎ የሚታለፈው ዕዳ ዞሮ በአንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ደመወዝ ላይ ሊያርፍ የሚችልበት በር ክፍት ነው። ለግል ክሊኒክም እንዲሁ ነው፤ በአንቀጽ 2651 መሠረት የሕክምና ድርጅት የቀጠራቸው ሐኪሞችና ረዳቶች በጥፋታቸው በበሽተኛው ላይ ላደረሱት ጉዳት ኃላፊ ይሆናል። ነገር ግን የትንሽ ከተማ ክሊኒክ ሀብት አንድ አልጋ፣ አንድ ማይክሮስኮፕና ጥቂት ካርቶን መድኃኒት ከሆነ የፍርድ ቤት ውሳኔ በወረቀት ላይ ይቀራል።

የወንጀሉ ጉዳይ ለብቻው ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 የሌላውን ሕይወትና ጤና የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው፣ ሐኪምንና ሾፌርን በምሳሌነት ጠቅሶ፣ በቸልተኝነት ሰው ቢገድል ከአንድ እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ ቀላል እሥራትና ከ3000 እስከ 6000 ብር በሚደርስ መቀጮ እንዲቀጣ ይደነግጋል። ይህንን ቅጣት ማንም መድን ድርጅት ሊከፍልለት አይችልም። እሥራት በአረቦን አይመለስም።

ሐኪምና ሾፌር በአንድ አንቀጽ ውስጥ ጎን ለጎን መጠራታቸው ብዙ የሚያሳስብ ነገር አለው። ሾፌሩ መኪናውን መንገድ ላይ ለማውጣት በ2005 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 799 መሠረት የሦስተኛ ወገን መድን የመግባት ግዴታ አለበት። ገጭቶ ያመለጠ፣ ወይም መድን ያልገባ መኪና ያደረሰው ጉዳት እንኳ ተጎጂውን ባዶ እጁን እንዳያስቀረው ፈንድ እንዲኖር ተደርጓል። ወደ ፑኝዶ በቆሎ ጭኖ የሚገባው አይሱዙ መስተዋቱ ላይ የመድን ወረቀት ተለጥፎበት ይታያል። በዚያው መኪና ተጭኖ የመጣውን መርፌ የምትወጋው ሠራተኛ ግን እንዲህ ያለ ወረቀት የላትም። በገጠር ጤና ኬላ የሙያ ኃላፊነት መድን የተገባላት ሠራተኛ ማግኘት የተለመደ አይደለም። መኪናውም መርፌውም ሰውን ለመጥቀም የተሠሩ፣ አንዳንዴም የሚጎዱ መሆናቸው እየታወቀ ለአንዱ ታስቦ ለሌላው አለመታሰቡ ሊጤን የሚገባው ነው።

የሙያ ኃላፊነት መድን ማለት አስቸጋሪ ነገር አይደለም። ባለሙያው፣ ወይም አሠሪው ስለ እርሱ፣ በየዓመቱ አረቦን የሚባል መጠነኛ ገንዘብ ለመድን ድርጅት ይከፍላል። ባለሙያው በሥራው ላይ ሳለ በስሕተት ሰው ጎድቶ ካሣ ክፈል ቢባል፣ ድርጅቱ በውሉ እስከ ተወሰነው ጣሪያ ድረስ ካሣውን ይከፍላል፤ ለጠበቃ የሚወጣውንም ወጪ እንደ ውሉ ይሸፍናል። በአገራችን መድን እንግዳ ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ መድን ድርጅት በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው ቀደም ሲል የተወረሱትን 13 የመድን ኩባንያዎች ጠቅልሎ ነው፤ ከ1986 ዓ.ም. ወዲህም የግል የመድን ኩባንያዎች ተመሥርተው ይሠራሉ። የሙያ ኃላፊነት መድን በከተማ የሚሸጥ ነው፤ ሐኪሞችም መሐንዲሶችም ሒሳብ መርማሪዎችም ይገቡታል። ወደ ገጠር ግን እግሩ አልዘለቀም።

እዚህ ላይ አንድ የስም መመሳሰል እንዳያሳስት መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አርሶ አደሩ በየዓመቱ መዋጮ እየከፈለ የሚታከምበት የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን፣ በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ወደ ሌሎች አካባቢዎች የተስፋፋው፣ ሌላ ነው። እርሱ የሚከፍለው የሕክምናውን ዋጋ ነው። ሕክምናው ራሱ ለሚያደርሰው ጉዳት ካሣ አይሰጥም። «እኛ የጤና መድህን አባሎች ስለሆንን ጉዳዩ ተሸፍኗል» የሚል የማኅበር መሪ ካለ ተሳስቷል። መድህኑ የበሽተኛው ነው፤ የሙያ ኃላፊነት መድኑ ግን በስሙ የባለሙያው ሆኖ በፍሬው የተጎጂው ነው። ይህ የመጨረሻው ነጥብ በደንብ ሊሰመርበት ይገባል። መድኑ ጥፋተኛን ለማዳን የታሰበ ይመስላቸውና «ያጠፋ ይቅጣ እንጂ ለምን መድን ይገባለታል?» የሚሉ አሉ። አንዲት በወር ደመወዟ ቤተሰብ የምታስተዳድር ሠራተኛ ዕድሜዋን ሙሉ ብትከፍል እግሩ ለሰለለ ሕፃን የሚበቃ ካሣ አይወጣትም። ካሣው የሚገኘው ከተጠራቀመ የጋራ ገንዘብ ብቻ ነው። ቅጣቱ እንደሆነ፣ የሥራ ፈቃድ መነጠቁም ሆነ እሥራቱ፣ መድን ተገባም አልተገባ በቦታው አለ።

ስሕተት ምን ያህል ጊዜ ይደርሳል ለሚለው በአገራችን የተጠና ነገር አለ። የፌዴራል የጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ የሰጣቸውን 125 ውሳኔዎች የመረመረ አንድ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ከቀረቡት አቤቱታዎች ውስጥ 72ቱ ሞት የደረሰባቸው ነበሩ። ኮሚቴው የሥነ ምግባር ጉድለት ወይም ቸልተኝነት ሆኖ ያገኘው ግን በ27.2 ከመቶው ብቻ ነው። ከቁጥሮቹ ሁለት ትምህርት ይወሰዳል። አቤቱታ ሁሉ ጥፋት አይደለም፤ ከአራቱ ሦስቱ ያህል ባለሙያው ነፃ የወጣባቸው ናቸው። በሌላ በኩል ከአራቱ አንዱ እውነተኛ ጥፋት ነው፤ ለእነዚያ ቤተሰቦች «የእግዜር ሥራ ነው» ብሎ ማሰናበት በደል ላይ በደል መጨመር ነው። እነዚህ ወደ ኮሚቴው የደረሱት ብቻ መሆናቸውም መዘንጋት የለበትም። ከጎግ መንደር ተነሥቶ አዲስ አበባ ድረስ አቤት የሚል ስንት ሰው ይኖራል?

አሁን ወደ ዋናው የማኅበራት መሪዎች ጉዳይ እንመለስ፤ ይኸውም ሽምግልናው ነው። በገጠር እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ በመጀመሪያ የሚጠሩት ሽማግሌዎችና መሪዎች ናቸው። ቁጣን በማብረድ፣ ደም እንዳይፈስ በመከላከል የሚሠሩት ሥራ ፖሊስም ፍርድ ቤትም ሊተካው አይችልም። ዳሩ ግን የሽምግልናው ልማድና የመድኑ ውል የሚጋጩበት አንድ ቦታ አለ፤ ይህን ያላወቀ መሪ በቅን ልቦና ትልቅ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ሽምግልና የሚጀምረው «አጥፍቻለሁ» በሚል ቃል ነው። ያጠፋው ሰው ጥፋቱን አምኖ፣ ይህን ያህል እክሳለሁ ብሎ ቃል ሲገባ ዕርቁ ይወርዳል። የኃላፊነት መድን ውሎች ግን እንደ ደንብ መድን የተገባለት ሰው ከድርጅቱ ሳይስማማ ኃላፊነትን እንዳይቀበልና የካሣ ስምምነት እንዳይፈርም ይከለክላሉ። ሠራተኛዋ በሽማግሌዎች ፊት ፈርማ ብትገኝ ድርጅቱ አልከፍልም ሊል ይችላል። ያን ጊዜ ሽማግሌዎቹ የፈረዱት ካሣ ከደሃዪቱ ሠራተኛ ካልሆነ ከየትም አይመጣም፤ ተጎጂውም የሚበልጠውን ካሣ በትንሹ ዕርቅ አጣ ማለት ነው።

ይህ ማለት ሠራተኛዋ አፏን ትዝጋ ማለት አይደለም። ሐዘንን መግለጽ፣ የታመመውን መጠየቅ፣ ምን ዓይነት መድኃኒት በምን ያህል መጠን እንደተሰጠ በግልጽ መናገር አንድ ነገር ነው። እንዲያውም ይህን መደበቅ ጉዳቱን ያባብሳል፤ ወደ ሆስፒታል የሚላከው በሽተኛ ምን እንደተሰጠው ካልታወቀ ቀጣዩም ሐኪም ይሳሳታል። «ኃላፊው እኔ ነኝ፣ ይህን ያህል ሺህ ብር እከፍላለሁ» ብሎ መፈረም ደግሞ ሌላ ነው። ሽማግሌው የመጀመሪያውን ማበረታታት፣ ሁለተኛውን ማዘግየት ይኖርበታል። ዕርቁ ለጠቡ ይሁን፤ የካሣው ሒሳብ ግን ጉዳዩ ለጤና ጽሕፈት ቤቱና ለመድን ድርጅቱ ተነግሮ ከተጣራ በኋላ ይምጣ። ሞት የደረሰ እንደሆነ ደግሞ ጉዳዩ የዐቃቤ ሕግም ስለሆነ በሽምግልና ብቻ አይዘጋም፤ ይዘጋል ብሎ ቃል መግባት ሕዝቡን ማሳሳት ነው።

መድኑ የማይሸፍነውንም ማወቅ ያሻል። ሆን ተብሎ ለተደረገ ጉዳት ማንም መድን ሰጪ አይከፍልም። ያለ ሥራ ፈቃድ፣ ወይም ከተፈቀደው የሙያ ደረጃ ውጪ፣ ወይም ሰክሮ ለተሠራ ሥራም በተለመደው ውል ሽፋን የለም። ከዚህ የተነሣ ከገበያ ላይ መድኃኒት ገዝቶ በየቤቱ እየዞረ የሚወጋ ሰው ሊሸፈን አይችልም። የልምድ አዋላጆችም እንዲሁ። የእነርሱ መፍትሔ መድን ሳይሆን ወላዷ ወደ ጤና ጣቢያ እንድትሄድ ማድረግ ነው። ጊኒ ትሉን የሚያክሙት በጎ ፈቃደኞች ግን በመካከል የቀሩ ናቸው፤ ፈቃድ ያላቸው ባለሙያዎች አይደሉም፣ ነገር ግን በመንግሥትና በድርጅቶች ተልእኮ የሚሠሩ ናቸው። ለእነርሱ ሽፋን መግባት ያለበት ያሠማራቸው አካል ነው። ባዶ እጃቸውን አሠማርቶ፣ ችግር ሲመጣ «ፈቃደኛ ናቸው» ማለት አግባብ አይደለም።

የገንዘቡ ነገር ብዙዎችን ያስፈራል። አንዲት ሠራተኛ ለብቻዋ ሄዳ መድን ልግባ ብትል ዋጋው ይከብዳት ይሆናል፤ ድርጅቱም ጋምቤላ ድረስ ለአንድ ሰው ውል መልፋት አይመኝም። በጅምላ ሲሆን ግን ሌላ ነው። ለሒሳቡ ያህል ብቻ፣ የኩባንያ ዋጋ ሳይሆን፣ በአንድ ወረዳ 50 ሠራተኞች አሉና ለእያንዳንዳቸው በዓመት 600 ብር ተከፈለ እንበል። ጠቅላላው 30,000 ብር ይሆናል። ይህን ከአንድ ሞተር ብስክሌት ዋጋ ጋር ያስተያዩት። ክልሉ በሙሉ በአንድ ውል ቢገባ ደግሞ የእያንዳንዱ ድርሻ የበለጠ ሊቀንስ ይችላል። እድር ያለው አገር ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ሁሉም ጥቂት ያዋጣል፣ ድንኳኑ የሚተከለው ሐዘን ለደረሰበት ነው። በለንደንም ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1885 የሐኪሞች መከላከያ ማኅበር አቁመው በክስ ጊዜ መረዳዳት የጀመሩት በዚሁ በመዋጮ አሳብ ነበር።

ከዚህም የራቀ መንገድ የሄዱ አገሮች አሉ። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ በአደጋ ለተጎዳ ሰው የማን ጥፋት እንደሆነ ሳይጠየቅ የሚክስ የጋራ ገንዘብ አቋቁማለች። በእኛም ላይ ይህ አሳብ አንድ ጊዜ አልፎ ሄዷል። የኮቪድ ክትባት በኮቫክስ በኩል ሲመጣ፣ በክትባቱ ምክንያት ብርቱ ጉዳት ለደረሰበት ሰው ጥፋት መኖሩን ሳያስረዳ ካሣ የሚያገኝበት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2021 ለ92 አገሮች ተዘርግቶ ነበር፤ ኢትዮጵያ ከእነዚህ አንዷ ናት። ለአንድ ክትባት የተቻለ ነገር ለወባ መርፌና ለሕፃናት ክትባት የማይቻልበት ምክንያት አይታይም፤ የጎደለው የሚጠይቅ ሰው ነው።

የሚጠይቀውም የማኅበር መሪ ነው። በመጀመሪያ በቀበሌው ውስጥ በጤና ነክ ሥራ የተሠማራው ማን እንደሆነ መለየት ይገባዋል። የጤና ኬላው ሠራተኞች፣ መድኃኒት ቤት የከፈተው፣ ክሊኒክ ያለው፣ በጎ ፈቃደኞቹ፣ አምቡላንስ የሚነዳው፣ የከብት ሐኪሙ ሳይቀር። የከብት ሐኪሙ እዚህ መግባቱ ለአንዳንዶች ያስቃቸው ይሆናል፤ በተሳሳተ መርፌ አንዲት የምትታለብ ላም የሞተችበት ገበሬ ግን አይስቅም። ለግል ባለሙያዎቹ የሚቀርበው ጥያቄ ሁለት ነው፤ የሥራ ፈቃድህ የታደሰ ነው ወይ? መድንስ ገብተሃል ወይ? ለሁለተኛው «አልገባሁም» ቢል ክሊኒኩን ለመዝጋት ቀበሌው ሥልጣን የለውም። ጥያቄው በሕዝብ ስብሰባ ላይ በተደጋጋሚ መነሣቱ ብቻ ግን ሥራውን ይሠራል።

ለመንግሥት ሠራተኞቹ ደግሞ ጥያቄው ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትና በእርሱም በኩል ለክልሉ ጤና ቢሮ ይቀርባል። መድኑ ከሠራተኛዋ ደመወዝ ተቆርጦ እንዲከፈል መጠየቅ ፍትሐዊ አይሆንም፤ በዚያ ቆላ ለመቆየት የፈቀደችውን ማባረር ነው። ውሉ ሲዘጋጅ ሊታዩ የሚገባቸው ነጥቦች አሉ። ካሣው የሚከፈልበት ጣሪያ ስንት ነው? ከኪስ የሚቀነሰውስ? ዛሬ የተሠራ ስሕተት ክሱ ከሁለት ዓመት በኋላ ቢመጣ፣ ሠራተኛዋም በዚያ ጊዜ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውራ ብትሆን ሽፋኑ ይጸናል ወይስ ይቋረጣል? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል። የመድን ውሎች በዚህ ነገር ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አንዱ ስሕተቱ የተፈጸመበትን ጊዜ ሲያይ ሌላው ክሱ የቀረበበትን ጊዜ ያያል። በየዓመቱ ሠራተኛ በሚለዋወጥበት እንደ ጎግ ባለ ወረዳ ሁለተኛው ዓይነት ውል ሳይታረም ከተፈረመ ዋጋው ተከፍሎ ጥቅሙ ላይገኝ ይችላል።

መዝገብ ሳይያዝ ይህ ሁሉ አይረዳም። ለማን፣ ምን፣ በየትኛው ቀን፣ በምን መጠን እንደተሰጠ፣ ለእናትየውም በአኙዋክኛ እንደተነገራት ያልተጻፈበት ጤና ኬላ ሠራተኛዋንም ተጎጂውንም ያለ ምስክር ያስቀራቸዋል። ጊዜም ይሮጣል። ከውል ውጪ ለደረሰ ጉዳት የሚቀርብ የካሣ ክስ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ በወንጀል ሕጉ ረዘም ያለ ጊዜ ከተወሰነለት ግን በዚያ ይታያል። «ልጁ ሲያድግ ይሻለው ይሆናል» ተብሎ ሲጠበቅ ሁለቱ ዓመት ያልፋል። ስለዚህ የማኅበሩ ጸሐፊ ጉዳቱ የተነገረበትን ቀን በዚያው ዕለት ጽፎ መያዝ ይኖርበታል።

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል። የወረዳው ዕቅድ ከዚያ አስቀድሞ ስለሚዘጋጅ፣ ጥያቄው ከቀበሌዎቹ በጽሑፍና በማኅተም ተደግፎ በጊዜው ከጤና ጽሕፈት ቤቱ ካልደረሰ ለአንድ ዓመት ያድራል። በዚያ ዓመት ውስጥም ክረምት አለ፤ ከክረምቱ በኋላም ወባ ይበረታል፤ መርፌውም የሚበዛው ያኔ ነው።